የረጠበው ፎጣ

ለወንድሜ ለሎርካን፤

እንደምን አለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ያ ደረትህን ሲያፍንህ የነበረው ሳልስ ለቀቀህ? ያለህበት ነፋስ አለ? ከቀበርንህ አሥራ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ እኔ ግን የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ባነሣሁ ቁጥር «ና እንጂ፣ አንተ ቀርፋፋ» የምትለኝ ይመስለኛል። ሁላችንም በጤና አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም።

ሳትታመም በፊት፣ በብርዱ ወራት፣ ገና ሳይነጋ ብስክሌታችንን ባሕሩ ዳር ያለው ግንብ ላይ አስደግፈን ልብስ ለማውለቅ ስንሽቀዳደም ትዝ ይለኛል። አንተ ቀድመህ ትዘልና ጥርስህ እየተንገጫገጨ «እንደ ትኩስ ወተት ነው!» ትለኝ ነበር። አምኜህ አላውቅም፤ ግን ሁልጊዜ እከተልህ ነበር። ስንወጣ በየጠዋቱ እዚያው የሚዋኙት አሮጊቷ ማሬድ ያን የሱፍ ቆባቸውን እንዳደረጉ ከፔርሙስ ሻይ ይቀዱልንና «እናንተንስ የወለደቻችሁ ዓሣ ናት» ይሉናል። እንግዳ መጥቶ ውሃው እንዴት ነው ሲላቸው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮም ቢሆን ግሩም ነው ይሉታል። በእኛ ባሕር ዳርቻ ገብቶ የወጣ ሰው በረደኝ ሲል ሰምተን እናውቃለን?

አንተ ከሄድክ ወዲህ ውሃው ውስጥ መግባት አቃተኝ። ደረጃው ድረስ እወርዳለሁ፤ እግሬ እምቢ ይለኛል። ከገባሁ አንተን እዚያው ድንጋዩ ላይ ትቼህ የምሄድ ይመስለኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ቀን ፎጣዬን ባሕር ውስጥ ነክሬ፣ ጸጉሬን አርጥቤ ቤት ገባሁ። እማዬ ፎጣውን ገመድ ላይ ስታሰጣ ከቀብርህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ከዚያ በኋላ እንዴት ልተወው? በየጠዋቱ እንዲሁ እያደረግሁ ከረምኩ።

ሐሙስ ዕለት የአጃ ገንፎዬን ስበላ ውሃው እንዴት ነበር አለችኝ። እኔም ሳላስበው፣ በጣም ይበርዳል አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኮልም፣ ገብቶ የወጣ ሰው እንዲህ አይልም» አለች። «ስንት ቀን ሆነህ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔን ደስ እንዲለኝ ብለህ አትግባ» አለችኝ። «ስትፈልግ ግባ። ካልፈለግህ ደረቅ ፎጣም ቢሆን አሰጣልሃለሁ።» ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

እማዬ ትስምሃለች። አባዬ ስምህን ለመጥራት ገና አልቻለም፤ የብስክሌትህን ሰንሰለት ግን በየእሑዱ ዘይት ይቀባዋል። ትንሿ እህታችን ሳይቭ አልጋህን ወርሳለች፤ እንዳትቆጣት፣ ሰላም በልልኝ ብላኛለች። ማሬድም እንዴት እንደሆንን በየቀኑ ይጠይቃሉ።

ዓርብ ጠዋት ብቻዬን ገባሁ። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም። እንደ ድሮው በግንቡ በኩል ሆኜ ወደ ቢጫው ተንሳፋፊ ምልክት ዋኘሁ። ማዕበሉ እየደጋገመ ፊቴን መታኝ፤ ጨው ዋጥኩ። ለካ እስከዛሬ በውጭ በኩል እየዋኘህ የምትከልለኝ አንተ ነበርክ። አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም። ስወጣ ጣቶቼ ደንዝዘው የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው፤ እሱንም የምትቆልፍልኝ አንተ ነበርክ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከኮረብታው ላይ ሲደወል ሰማሁት፤ አልተነሣሁም። ጣቶቼ ሲመለሱልኝ ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ እስከ አንገቴ ቆለፍኩ።

ወንድምህ ኮልም
ካሪግዱቭ፣ አየርላንድ
እሑድ፣ ሜይ 19 ቀን 2019