ሸራ ለለበሰው ማሽን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምህንድስና ፋኩልቲ ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ምቾት እየተመኘሁ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ለፋኩልቲው የምሥረታ በዓል እኛ ተመራቂዎች በትምህርት ቆይታችን የምናደንቀውን በእጃችን ጽፈን እንድንልክ፣ ጽሑፉም በመስታወት ተከፍፎ አዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል የገለጹበት ጥሪ ደርሶኛል። ምስጋናዬ ከአንገት በላይ እንዳይመስልብኝ በቁጥር ለይቼ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወርክሾፑ ንጽሕና አመሰግናለሁ። በተማርንባቸው ዓመታት ሁሉ ወለሉ ላይ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ወድቃ አላየንም። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው አዲሱ የቶርኖ ማሽን መሃል ላይ ሸራውን ለብሶ ይቆም ነበር። ሸራው የሚገለጠው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሲሆን፣ እንግዶቹ አጠገቡ ፎቶ ተነሥተው ሲወጡ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የተኛ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ጠርዝ ጠርዙን እያስተካከሉ መልሰው ይሸፍኑታል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት አበው ወርክሾፓችንን ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑን ሳንነካ እንድናውቀው ስላደረጉን አመሰግናለሁ። ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ሥለነዋል፤ ክፍሎቹንም በስም ሸምድደናል። ከሁላችን የሚበልጠው «ውሃ ልክ» እያልን የምንጠራው የዶርም ጓደኛዬ ነበር። ያለ ማስመሪያ የሚያሰምረው መስመር አይዛነፍም፤ የአልጋችን አንድ እግር ቢያጥር ካርቶን አጥፎ ካላስተካከለው እንቅልፍ አይወስደውም። እሱ የሣለውን ቶርኖ መምህራችን ለምሳሌነት ከሰሌዳው ጎን ለጥፈውት ነበር። በትምህርቱም ኤ አግኝቷል፤ ማኅተምዎ ያለበት ትራንስክሪፕት ይመሰክራል።

ሦስተኛ፣ ስለ ደኅንነት ትምህርቱ። ሥራ ከመጀመር በፊት ጓንት ማጥለቅ እንደሚገባ በፈተና ተጠይቀን ሁላችንም በትክክል መልሰናል። የሚሽከረከር ብረት ጓንቱን ከያዘ እጅንም አብሮ እንደሚጠቀልል፣ ስለዚህም ቶርኖ ላይ ጓንት እንደማይጠለቅ የነገረን ግን አልነበረም። ሸራ ለብሶ የቆመ ማሽን ማንን ጎትቶ ያውቃልና ማን ያስበው? ውሃ ልክ በተቀጠረበት ፋብሪካ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደስ ብሎት የገዛውን አዲስ ጓንት አጥልቆ፣ ልክ እንደተማረው ማሽኑ ፊት ቆመ። ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ድረስ አጣ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አልቻልኩም። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እናቱ የጃኬቴን እጅጌ ይዘው «ልጄ፣ ይህን ማሽን አልተማራችሁትም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «ተምረነዋል፣ እማማ» አልኳቸው። እሳቸውም «እንግዲያማ ጥፋቱ የራሱ ነው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ልቤ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው፤ ዛሬም አልተጠገነም። ይባስ ብሎ እሱም እንደ እናቱ ያምናል፤ የቱን ትምህርት እንደዘለለ ለማወቅ እስካሁን ደብተሩን ያገላብጣል፤ የጎደለውን ግን ደብተር ውስጥ አያገኘውም።

ክቡር ሆይ፣ ታናሽ እህቱ ዘንድሮ እዚያው ትምህርት ክፍል ገብታለች። እንደ ወንድሟ እሆናለሁ ትላለች። ስለዚህ ሸራውን እንዲያነሡት እለምንዎታለሁ። ማሽኑ ይቧጠጥ፣ ዘይት ይንጠባጠብ፣ ወለሉም ፍቅፋቂ ይሙላ። የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቆሞ ጓንቷን ያስወልቃት። ይህን ቢያደርጉልኝ ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግንዎታለሁ።

ማሽኑን ከአቧራ የጠበቁ እጆችዎን ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከነሁለት እጁ የቀረው የቀድሞ ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ውሃ ልክ የእሱ ምስጋና ስለዘገየ ይቅርታ ጠይቅልኝ ብሎኛል። ጥሪዎ በእጅ የተጻፈ ይሁን ስለሚል፣ በግራው መጻፍ እየተለማመደ ነው። መስመሩ ይዛነፋል። ሲሰቅሉት ግን አደራ፣ ክፈፉን ቀጥ ያድርጉለት።