የቃለ መጠይቁ አጃቢዎች

ይድረስ ለጋሼ ወንዳወቅ፤

ከነልጆችህ እንዴት ሰነበትህ? እኛ ጅጋ ሁላችንም ደኅና ነን፤ ጤፉም ተወቅቶ ገብቷል።

ለሕክምና ትምህርት ቤቱ ቃለ መጠይቅ ሰኞ ጠዋት እዚያው አንተ ያለህበት ባሕር ዳር ተጠርቻለሁ። ወላጅ አያስፈልግም ብላቸውም አባባና እማዬ አብረን ካልሄድን ብለዋል። ሁለት ሽማግሌዎችም ተጨምረዋል። «ፈታኞቹን ሊለምኑልኝ ነው?» ብላት እማዬ «ያስከብሩሻል፤ አፍሽን ያዢ» አለችኝ። የጥልፍ ቀሚሴንም አጥባ ሰቅላዋለች።

ያንተ ቤት እያለ እሑድ መራዊ እናድራለን አሉ፤ ቆጋ መስኖ ላይ መሬት ያላቸው አንድ ሰው ቤት። ልጃቸው በዓመት ሁለቴ እንደሚያመርት አባባ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

አውቶቡሱ መራዊ ሲቆም እኔ አልወርድም። ባሕር ዳር መናኸሪያ ጠብቀኝ።

እግዜር እስከዚያው በደኅና ያቆይህ፤ ልጆችህን ሳምልኝ።

እኅትህ ያምሮት