የዛሬው ሩጫ እናትሽ ቤት ነው

ሚስጥር፣

አልቀሰቀስኩሽም። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ።

ዛሬ የሩጫ ቡድናችን የሚሄደው ምዕራብ ዓባያ ነው። ከአስፋልቱ እስከ እናትሽ ቤት ሮጠን፣ የወደቀውን ግድግዳቸውን አቁመን በጭቃ እንመርጋለን። አንቺ በየቅዳሜው ከቡድኑ ጋር ሮጠሽ፣ በምንጠግነው የባዳ ቤት ደጃፍ አካፋ ይዘሽ ፎቶ ስትነሺ፣ እሳቸው ክረምቱን ያሳለፉት በላስቲክ ተከልለው ነው። ሦስት ጊዜ ነግሬሻለሁ።

ሳላማክርሽ ስማቸውን ለቡድኑ ስለሰጠሁ ግን ይቅርታ።

ባለፈው ሄጄ ቤታቸው እንዲጠገን የቡድኑን ቅጽ ስሞላላቸው፣ «ልጆች» ከሚለው ጎን ስምሽን ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«የለኝም ብለሽ ጻፊ» አሉ። አሻራቸውንም አደረጉበት።

ከመጣሽ የቡድኑን ቲሸርት ልበሺ። ለእሳቸው ከቡድኑ አባል ሌላ ማን ናት ብዬ አስተዋውቅሻለሁ?

ሸይማ