የሰብለወንጌል የኋላ ሞዞ

ለማከብርዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሰይፈሚካኤል
አሶሳ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ያ ጉልበትዎን የሚይዝዎት ነገር እንዴት አደረገዎ? የመሥሪያ ቤታችሁ ካምፕ ውስጥ ሙቀቱ በረታ ወይስ ነፋስ ያገኛችኋል? እትዬ ልዩስ ስኳራቸው ወረደላቸው? መድኃኒቱንስ ሳያቋርጡ እየወሰዱ ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። ባለቤቴ ተሻለችም ከወገቧ በቀር ደህና ናት። እኔ ግን ደክሞኛል። አልታመምኩም፣ ሐኪም ቤትም አልሄድኩም፤ እንዲሁ ጠዋት ስነሣ የደከመኝ ሆኜ ነው የምነሣው። ከምን እንደመጣ አውቀዋለሁ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚያው ነው።

በዚህ በስልክ ዘመን ደብዳቤ ሲደርስዎ ሳይደነግጡ አይቀሩም። የሞተ ሰው የለም፣ ይረጋጉ። ከኅዳር ወዲህ አራት ጊዜ ልነግርዎ ደውዬ፣ አራቱንም ጊዜ ስለ ዘይትና ስለ ጤፍ መወደድ አውርተን ዘግተናል። ድምፅዎን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል። አባታችን ካረፉ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ዛሬም በሃምሳ አራት ዓመቴ “ምነው ገብሬ?” ሲሉኝ ሱሪዬን ቀድጄ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። ወረቀት ደግ ነው፣ መሃል ላይ አያቋርጥም።

ነገሩ የልጅዎ የሰብለወንጌል መውደቅ ነው። ከሁሩታ በላይ ባለው ዳገት ከብስክሌቷ ወድቃ ትከሻዋ የተሰበረ ጊዜ “ፈጥኜ ስወርድ ነው” ብላ ነገረችዎ። እርስዎም ተቆጡ፣ አባት ነዎትና። ብስክሌቱ ይሸጥ፣ ይህ ከብት መከተብ የሚባል ሥራም ይቅር፣ እኔ ዘንድ መጥታ ቢሮ ትቀመጥ አሉ። እሷ የእርስዎን ቃል አትሽርም። ትከሻዋ ከዳነ በኋላ ወደ ሥራዋ የተመለሰችው ለመሰናበት ነው፤ መልቀቂያዋን ጽፋ፣ የካቲት ሲያልቅ ላስገባው ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። እስከዚያው በየመንደሩ በእግሯ ትሄዳለች። ጋሼ፣ ያን ቀን ልጅቷ እየወረደች አልነበረም። ዳገቱን እየወጣች ነበር። የጣልኳት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። እርስዎ ዕድሜዎን የከባድ መኪና መለዋወጫ ሲያስረክቡ የኖሩ ሰው ነዎት፣ ሞዞ ምን እንደሆነ አላስረዳዎትም። የብስክሌቱም ያው ነው፤ የጎማው እምብርት፣ ራጂው፣ ጎማውን የወጠረው ቀጭን ብረት ሁሉ፣ ተሰብስቦ የሚታሰርበት። የኋላው ግን ውስጡ ትንንሽ ምላሶች አሉት። ቀጭን ሽቦ እየገፋቸው ብቅ ብለው ጥርስ ሲይዙ፣ የረገጡት ፔዳል ጎማውን ያዞረዋል። መርገጥ ሲተዉ ደግሞ ጥርሱ ላይ እየተንሸራተቱ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። የአዳማ ሰው ይህን ድምፅ አይወደውም። “ገብሬ፣ ይጮህብኛል” ብሎ ይመጣል፣ እኔም የኢሱዙ ግራሶ፣ ያን ወፍራም ቅባት፣ ጠቅጥቄበት ዝም አሰኘዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚህ ነው። ገብሬ የነካው ብስክሌት ድምፅ የለውም ይባልልኛል፣ እኔም ሲባልልኝ ደስ ይለኛል።

መስከረም ላይ ሰብሌ ለመስቀል ወርዳ እኛ ዘንድ ሰነበተች። ብስክሌቷን እርስዎ አላዩትም፤ ኮረኮንችና ዳገት የሚችል ማውንቴን የሚሉት ነው፣ ከኋላው ያን የክትባት ሳጥን ከነበረዶው ትጭንበታለች። ጮኸብኝ አላለችም። እኔው ነኝ በር ላይ ሰምቼው “ምንድነው እንዲህ የሚንጫጫው?” ብዬ የፈታሁት። የወንድሜ ልጅ ናት ብዬ ለሌላ ሰው ከማደርገው እጥፍ ግራሶ ሞላሁበት። አዳማ ላይ ደግሞ ያ ግራሶ በሙቀቱ ይላላል፣ ምላሶቹም አይቸገሩም። ሁለት ቀን በሰፈር ውስጥ ነድታው “አጎቴ፣ ጭጭ አለ እኮ!” ብላ ጉንጬን ስማ ሄደች።

የሁሩታ በላይ ብርድ ሌላ ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሲያድር፣ የእኔ ግራሶ እንደ ሻማ ይደርቃል። ምላሶቹ ገብተው ይቀራሉ። ሰብሌ በማለዳ ሳጥኑን ጭና፣ ከመቀመጫው ተነሥታ ባለ በሌለ ኃይሏ ስትረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ሄደ። መጀመሪያ ደረቷ መሪው ላይ፣ ከዚያ ትከሻዋ ድንጋይ ላይ አረፈ። ያነሣት አከራይዋ ወዬሳ ነው፣ እርሻው እዚያው መንገድ ዳር ስለሆነ። ከኋላዋ የጭነት መኪና ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ላብ ያጠምቀኛል።

እሷና ብስክሌቱ አብረው አዳማ መጡ። ስፈትሸው ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ በእኛ ፀሐይ ግራሶው ተመልሶ ላልቷል፣ ምላሶቹም ይሠራሉ። “ባዶውን ሄደብኝ፣ አጎቴ” አለችኝ። እኔ ዓይኔን በጨው ታጥቤ “እግርሽ አንሸራቶሽ ይሆናል” አልኳት። ከዚያ ለእርስዎ ስትደውል “ፈጥኜ ስወርድ” ስትል ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። ስልኩን ዘግታ “አባዬ አንተን እንዲቀየም አልፈልግም” አለችኝ። ጋሼ፣ ልጅቷ ከእኔ ቀድማ አውቃለች።

ማወቁ ለእኔም አልቀረልኝም። ሞዞውን በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ተሻለች “ከሥጋው አጠገብ ይህን ብረት ምን ብለህ ነው ያስተኛኸው?” ብላ ስትጮህ አውጥቼ በእጄ አዞርኩት። አንድም ምላስ አልያዘም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአዳማ ሰው ሁሉ ገብሬ አኮረፈ ይላል። ለማን ልንገር? ሦስት ወር ሙሉ ሌሎች ብስክሌቶች ሲመጡልኝ እጄ ይሰንፍብኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ልቤ ቆረጠ። አሮጌውን ባጥበውም ስለማላምነው ሌላ ሞዞ ልመርጥላት ገበያ ወጣሁና መለዋወጫ የምትሸጠው ጎረቤቴ ቀመሪያ ዘንድ ገባሁ። ሦስት ዓይነት ደረደረችልኝ። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ቀለል ያለ፣ ወጣቶቹ የሚሻሙበት ነው፤ ግን የውስጥ መሽከርከሪያ ኩሽኔታው ካለቀ የልኩ ቁጥር ከአዳማ እስከ ባቱ አይገኝም። ሁለተኛው ያገለገለ የድሮ ብረት ነው፤ እኔም የድሮ ሰው ነኝና እጄ ሳላስበው ወደ እሱ ሄደ። ከበድ ያለ ነገር በያዝኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ቀመሪያ ሳቀችብኝ፣ “ጋሽ ገብሬ፣ ኪሎ ነው እንዴ የሚገዙት?” አለችኝ። ፐርኖውን፣ መሃል የሚያልፈውን ዘንግ፣ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው እውነትም ተንሻፎ ነበር፣ የእርሳስ ያህል ቀጭን ደግሞ።

ሦስተኛው ግራጫ ነው፣ መልክ የለውም። ፐርኖው ግን አውራ ጣቴን ያህላል። ጥርሶቹ የሚቀመጡበት ክፍል ብረት ስለሆነ ዳገት ላይ አይጎረድም። ኩሽኔታው ዝግ ነው፣ አቧራ አይገባውም፣ ካለቀም ቁጥሩ የባጃጅ ዕቃ የሚሸጡ ሁሉ ዘንድ አለ። ወዲያና ወዲህ ሳገላብጥ ቀመሪያ “ይሄን ሁሉ ይመርጣሉ፣ ቢበላሽስ ማን ይፈታላታል? እርስዎ አዳማ፣ እሷ ሁሩታ” አለችኝ። እሷው ትፈታዋለች አልኩ በልቤ። ከዚያ ሁለት ተራ መፍቻ ጠይቄያት እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈታሁት፣ ገጠምኩት። ወሰድኩት።

ይህን የምጽፍልዎ ከወዬሳ ግቢ ነው። ትናንት ጠዋት ብስክሌቱን ይዤ መጥቼ ጎማውን እዚሁ በራጂ አሰርኩት፣ ከዚያ አንድም ነገር ሳልነካ ሰብሌ ራሷ እንድትፈታው አደረግኩ። ምላሶቹን በጨርቅ ጠረገቻቸው፣ ግራሶ የለም፣ ስስ ዘይት አንድ ጠብታ። ሦስት ጊዜ ፈታ ገጠመች። በሦስተኛው እኔን ማየት ትታ ነበር። ከዚያ ብስክሌቱን ሆን ብዬ ውጭ ውርጭ ላይ አሳደርኩት።

ዛሬ ማለዳ ሳጥኑን ድንጋይ ሞልቼ እኔው ወጣሁበት። አይሳቁ ጋሼ። ብስክሌት ስጠግን ኖሬ ዳገት ከወጣሁ ሃያ ዓመት ይሆነኛል። ወዬሳ ከኋላዬ እየሮጠ “ሱታ! ሱታ!” ቀስ በል ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ከዚያ ቀስ ብል እወድቅ ነበር። የወደቀችበት ቦታ ስደርስ እንደ እሷ ተነሥቼ ቆሜ ረገጥኩ። ያዘ። ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ሁሌም ያዘ። እዚያው ወርጄ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ወዬሳም አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ ብስክሌቱን ይዞልኝ ቆመ።

ሰብሌ ግን አልነዳውም አለች። “አባዬ ሳይለኝ አልነካውም” ብላ ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ በዚያው በተሰበረው ትከሻ፣ አሁን በእግሯ ወጥታለች። ብስክሌቱ ፊት ለፊቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እኔን እንደፈለጉ ይቆጡኝ፤ ቢቀየሙኝም እችለዋለሁ። ለእሷ ግን ይደውሉላት። ውሸት የዋሸችው የእኔን ስም ልታድን ነው፣ እኔም አፍሬ ዝም ብዬ ሦስት ወር አስፈርጄባታለሁ።

እትዬ ልዩን ጉልበታቸውን ስሞ ሰላም ብሏል ይበሉልኝ። ለትንሹ ለጆቴ ፊደሉን እንዳይረሳ ይንገሩልኝ፣ ለክረምት ሲመጣ ብስክሌት አስተምረዋለሁ። ለጎረቤትዎ ለእማማ ሶረቲ የላኩልን ማር ደርሶናል ይበሉልኝ። ተሻለች ቀበቶ የመሰለ የወገብ መያዣ ካገኙ ይላኩልኝ ትላለች። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ መርዳሳ የሚባል የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ነው፣ ውኃ ይስጡልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰብሌ አንድ ቀን መንገድ ላይ ሆና ስልክዎን ስታነሣ ከጀርባዋ ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ቢሰሙ አይደንግጡ። ደህና ናት ማለት ነው።

ታናሽ ወንድምዎ
ገብረወልድ

ሁሩታ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.