ፕሪንተሩ አልተበላሸም ነበር

ውድ ታላቅ ወንድሜ፣

ይህን የምጽፍልህ በአንተ ኮምፒውተር፣ በአንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ወንበሩን ዝቅ አላደረግኩትም፤ ወለሉን የምነካው በእግሬ ጣት ብቻ ነው። እማዬና አባዬ ሳሎን ናቸው። አይነጋገሩም።

ለእነሱ ከመናገሬ በፊት አንተ ከእኔ ስማው።

ያን ቀን የሥራ ማመልከቻህን ልታትም ስትል ፕሪንተሩ እምቢ አለህ። ወረቀት ሞልቶለት፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ «ወረቀት ጨምር» ይላል። አጠፋኸው፣ አበራኸው። ወረቀቱን አውጥተህ አራግበህ መለስከው። ቀለሙን ነቅለህ ሰካኸው። ፕሮግራሙን ሳይቀር አጥፍተህ እንደገና ጫንከው።

«አየኸው ይሄን ጉድ? ጠግቦ እየበላ አምጡ ይላል!» አልከኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ዞር ብለህ፣ «ጩጬ፣ ነካክተኸዋል እንዴ?»

«እኔ? አጠገቡም አልደረስኩ!»

ደርሼ ነበር። በዋዜማው የአንዲት የክፍላችንን ልጅ ፎቶ በትንሿ የፎቶ ወረቀት አትሜ፣ የወረቀቱን መጠን ሳልመልሰው ቀረሁ። ማሽኑ አምጣ የሚልህ ያቺን ትንሽ ወረቀት ነበር። ብነግርህ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን «የማን ፎቶ ነው?» ትለኛለህ፣ እራት ላይ መሳቂያ ታደርገኛለህ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ማመልከቻው ዛሬ ይዘጋል፤ እዚህ ማዶ አሳትሜ መጣሁ» ብለህ ፍላሽህን ኪስህ ከተትክ። መኪና የገጨህ መንገዱን ተሻግረህ ሳትጨርስ ነው።

እማዬ አባዬን ነው የምትወቅሰው፤ ያገለገለ ፕሪንተር የገዛው እሱ ስለሆነ። ዛሬ ጠዋት ነቅሎ ሊጥለው ሲያነሳው፣ «አስቀምጠው! እያየኸው ኑር። አሮጌ ለቃቅመህ ልጄን አስበላኸኝ» አለችው። አባዬ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገለት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አሁንም ዝም አልኩ።

መጠኑን ካስተካከልኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ሦስት ቦታ መጫን ብቻ ነበር። ወረቀት ግን አላወጣሁበትም። ድምፁ ከተሰማ አለመበላሸቱ ይታወቃል፤ ውሸቴም ይወጣል።

ይቅር በለኝ ብልህም የምትመልስልኝ ነገር የለም። የአባዬን አንገት ግን ቀና ማድረግ እችላለሁ። ገመዱን አሁን ሰካሁት። ይህን ደብዳቤ አትመዋለሁ፤ የሞተ የመሰላቸው ማሽን ሲጮህ ሁለቱም እየሮጡ ይመጣሉ። ወረቀቱን ለአባዬ ነው የምሰጠው። እማዬ ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ምንም ብትለኝ ከዚህ ክፍል አልወጣም።

ፈርቻለሁ። ሌላ ጊዜ ሳጠፋ ከአንተ ኋላ ነበር የምደበቀው።

ዋሽቶ መንገድ ያስወጣህ
ታናሽህ