ፍሬንና ማርሽ ቤት አገኙ

እሑድ፣ ሰኔ 9 ቀን

ሚጡዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ነሽ? ባልሽስ፣ ትንሿስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ አልከዳኝም። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ወሬው ሁሉ ይጠፋኛል። መጻፉም አልሆነልኝም። ሁለት መስመር እጽፍና ተነስቼ ጓሮውን አያለሁ። ምን እንደማይ እኔም አላውቅም፤ ጓሮው ባዶ ነው።

አዎ፣ አህዮቹ ሄዱ። “ቤት ባገኙ ማግሥት እመጣለሁ” ብዬሽ ስለነበር ይህን ስታነቢ እልል እንደምትይ አውቃለሁ። ቆይ፣ አትቸኩዪ።

ከተጣሉበት የድንጋይ ካባ ሳወጣቸው እግር ለእግር በሽቦ ታስረው ነበር። ሽቦውን ከቆረጥኩላቸው በኋላም ጎን ለጎን ካልቆሙ ውሃ አይጠጡም። ስለዚህ ሁለቱንም ለማይወስድ ሰው አልሰጥም አልኩ። ጡብ ሠሪው ማርሽን ብቻ ፈለገ፤ “ያኛው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል” አለኝ። ታዲያ ፍሬን ብዬ ስም ያወጣሁለት ለምን ሆነና! ሸኘሁት። ባለ ወፍጮው ሁለቱንም ልውሰድ ብሎ መጣና ገና ከበር ክላክሱን አንባረቀባቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቻለሁ፤ እንስሳ ላይ ክላክስ የሚያንባርቅ ሰው አመሉን አውቀዋለሁ። እሱንም ሸኘሁት። ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጣ። ሰፊ ግቢ፣ ጥላ፣ ደግ ሰው። ወሬ ያበዛል ብዬ መለስኩት። አንቺ “አባዬ፣ አህያን ወሬ ምን ያደርጋታል?” ብለሽ ስትስቂ አብሬሽ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

በመጨረሻ የችግኝ ጣቢያ ያላት አንዲት ሴትዮ መጣች። ቦታሽን ልየው ብዬ ሄድኩ። አጥሩን ነቀነቅሁት፤ ጠንካራ ነው። ውሃውን ቀመስኩት፤ ጥሩ ነው። ምን ልታሸክሚያቸው ነው ብላት፣ “ምንም። ፍጋቸው ይበቃኛል” አለች። እንከን ባገኝ ብዬ ጉድጓድ ፈለግሁ፣ ተናካሽ ውሻ ፈለግሁ። አጣሁና ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲህ ቤት አላስቀምጥ አለኝ። መጥረጊያ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ትናንት አውቶቡስ ተሳፍሬ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አጥሩ ሥር ቆሜ በስማቸው ተጣራሁ። ጎን ለጎን ሣራቸውን ይግጣሉ፤ ማርሽ ጆሮዋን እንኳ አላዞረችልኝም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ሽማግሌ አጥር ተደግፎ ለአህያ ሲያለቅስ እስቲ አስቢው።

ሴትዮዋ አየችኝ። ምን ሆኑ ብላ አልጠየቀችኝም። “አባባ፣ ዝም ብለው ከሚቆሙ እስቲ እነዚያን ችግኞች ውሃ ያጠጡልኝ” ብላ የውሃውን ጎማ አስያዘችኝ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አጠጣሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቴን አላየሁም። ስወጣ፣ ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ባዶ ክፍል አለ፣ እዚህ እየኖሩ ቢያግዙኝስ አለችኝ። ልጄን ላማክር አልኳት።

ትኬቱን ቆርጠሽልኛል። ክፍሌን ቀለም አስቀብተሽ ፎቶውን ልከሽልኛል፤ ያምራል። እንደምትወጂኝ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እናንተ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ትንሿ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ፣ እኔ በማልሰማው ቋንቋ የሚያወራ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ በሩ እስኪከፈት ስጠብቅ ይታየኛል። ፈራሁ፣ ልጄ። በመጣው ሰው ሁሉ ላይ እንከን ስፈልግ የከረምኩት ለአህዮቹ ብዬ ብቻ አልነበረም። እነሱ ቤት ካገኙ እኔ ምን ብዬ እቀራለሁ?

ላማክርሽ ብዬ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ምክር ግን አይደለም የያዝኩት። አልመጣም፣ ሚጡዬ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ተቆጪኝ፣ አኩርፊኝ፤ ብቻ ድምፅሽን አታጥፊብኝ። የረገጥሽው ይለምልም፣ የያዝሽው ይባረክልሽ። ያንን ክፍል ለእኔ ብለሽ ዘግተሽ እንዳታስቀምጪው፤ ለትንሿ ስጪያት።

የሚወድሽ አባትሽ