አምፖልና ትራንዚስተር ለማስማማት የደከሙት የአቶ ካሣዬ በቃሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ካሣዬ በቃሉ ከአባታቸው ከአቶ በቃሉ ደምሴና ከእናታቸው ከወ/ሮ የወርቅውሃ አስፋው በ1956 ዓ.ም. በወሎ፣ ደላንታ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አሶሳ መጥተው ሰፈሩ። እርሻውን ሞከሩት፤ ልባቸው ግን እዚያ አልነበረም። ገበያው ዳር ራዲዮ ይጠግኑ ከነበሩት ከአቶ ዐወድ ዘንድ ገብተው ሙያውን ተማሩ፤ በ1984 ዓ.ም. የራሳቸውን የጥገና ሱቅ ከፈቱ።

በ1986 ዓ.ም. ከባምባሲዋ ወ/ሮ ቀነኒ ዱጋሳ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሳሌምንና ጌትነትን አፈሩ። ወ/ሮ ቀነኒ ከአባታቸው ቤት በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት አምፖሎች የሚሠራ አንድ አሮጌ ራዲዮ ይዘው መጥተው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ወ/ሮ ቀነኒ በብርቱ ወባ ታመው ሲነሡ ጆሮአቸው ተዳከመ። አቶ ካሣዬ የቤቱን አዲስ ቴፕ ድምፅ ሲጨምሩላቸው ይወጋቸዋል፣ ሲቀንሱላቸው አይሰማቸውም። "ቆርቆሮ የሚፋቅ ይመስለኛል" ይሉ ነበር። በአሮጌው ራዲዮ ግን መዝሙሩንም ዜናውንም ይለዩ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ድምፁን የሚያጎላው ትልቁ አምፖል ተቃጠለ፤ ምትኩም ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ተፈልጎ ታጣ።

አቶ ካሣዬ ያኔ አንድ ሐሳብ ያዙ፦ ድምፁን የሚያለሰልሱትን ትናንሾቹን አምፖሎች ከፊት አስቀምጦ፣ ጉልበቱን ከትራንዚስተር ማጉያ መውሰድ፣ ድምፁንም በግራና በቀኝ በሁለት ድምፅ ማውጫ ማሰማት። በወር እጨርሰዋለሁ ብለው ነበር፤ አራት ዓመት ፈጀባቸው።

የመጀመሪያው ማጉያ ገና ሲበራ ጨሰ፤ አምፖሎቹ የሚሠሩበት ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ሊያግደው ይገባ በነበረው ባረጀ ካፓሲተር አልፎ ትራንዚስተሮቹን ፈጃቸው። ሁለተኛውን መብራት ሄዶ ሲመጣ አቃጠለባቸው። ሦስተኛው ሠራ፤ ነገር ግን መዝሙሩን የሚውጥ ጉርምርምታ አመጣ። ካፓሲተር ቀየሩ፣ ሽቦ ቀየሩ፣ ትራንስፎርመሩን ለብቻው ሣጥን ሠሩለት፤ ያው ነው። ቴሌቪዥናቸውን ሊወስዱ የመጡ ደንበኞች "ነገ" እየተባሉ ይመለሱ ጀመር። አንድ ቀን መበየጃውን ግድግዳው ላይ ወርውረው፣ ሱቁን ዘግተው ቤት ገቡ፤ ሳምንት ሙሉም አልከፈቱትም።

በህዳሴ ግድብ በኤሌክትሪክ ሙያ የሚሠራው ልጃቸው ጌትነት ይህን ሰምቶ ከጉባ ደወለ። "አባባ፣ ሁለቱንም መሣሪያ ለየብቻ ነው እንዴ ከመሬት ያገናኟቸው?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ሥራ አንተ ልታስተምረኝ ነው?" ብለው ስልኩን ዘጉበት። በሦስተኛው ቀን ግን ለማንም ሳይናገሩ የሁለቱንም የመሬት ሽቦ ወደ አንድ ቦታ አምጥተው አሰሩት። ጉርምርምታው ጠፋ። ለልጃቸው ደውለው "ጠፋ" ብቻ አሉት። ጌትነት ይቅርታ መጠየቃቸው እንደሆነ ገባው።

በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ወ/ሮ ቀነኒ ከአራት ዓመት በኋላ የሚወዱትን የኦሮምኛ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰሙ። "ቃሉ እኮ ተለየልኝ" ብለው ሲያለቅሱ፣ አቶ ካሣዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ጆሮአቸውን ከግራው ድምፅ ማውጫ ላይ ለጥፈው ነበር። ከቀኙ ያንሳል፤ አልተዋጠላቸውም። ለግራው ያዘዙት ትንሽ አምፖል መንገድ ላይ ተሰብሮ ደረሰ። ሌላ አዘዙ፤ እሱም ሳይመጣ በሰኔ ወር ኩላሊታቸውን ታመሙ።

በአሶሳና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ ንዴቱ አልለቀቃቸውም። "አራት ዓመት ለፍቼ ግራውን ሳልጨርስልሽ" ሲሉ፣ ወ/ሮ ቀነኒ "በቀኙ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ካሣዬ። ግራውን ተወውና አንተ ብቻ ተነሥልኝ" አሏቸው። አቶ ካሣዬም የባለቤታቸውን እጅ ያዙ።

አቶ ካሣዬ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ቀነኒን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

በምድር ለሰው ጆሮ የደከሙትን አባታችንን፣ አምላክ ድካም በሌለበት ማረፊያ ይቀበልልን። ለወ/ሮ ቀነኒም ይህን ዝምታ የሚችሉበትን ጉልበት ይስጥልን። አሜን።